«ጃፓን ምን ጉዳይሽ ነው?» ለተባለችው መምህርት

ደብዳቤው፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሜሪላንድ ውስጥ የሰባተኛ ክፍል የታሪክና የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው። ዘንድሮ ለመምህራን የተዘጋጀ የምሥራቅ እስያ ኮርስ ወስጄ ነበር። ከጨረስነው መካከል ጥቂቶቻችን በጁን መጨረሻ ለሁለት ሳምንት ጃፓን ለጥናት ጉብኝት እንድንሄድ ተመርጠናል። ቲኬቱም ሆቴሉም ተከፍሏል። ስመለስ ለክፍሌ የሚሆን የትምህርት ዕቅድ አዘጋጅቼ አስረክባለሁ። ደስታዬ ግን ሙሉ አልሆነም። ባለቤቴ ‹ጃፓን ምን ጉዳይሽ ነው? ስለ አገርሽ ብታስተምሪ አይሻልም?› ይለኛል። እናቴ ምን በልታ ትከርማለች ብላ ተጨንቃለች፤ ጾም አልፈታም። እኔን የሚያስፈራኝ ደግሞ ፎቶ ብቻ ተሸክሜ መመለስ ነው። ታናሽ ወንድሜም ደሴ መምህር ነው። ለእሱስ እንዲህ ያለ ዕድል ይኖር ይሆን? ይምከሩኝ።»

መምህርቷ፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ። ቤትሽ ውስጥ እስካሁን ይህን ያለሽ ሰው ያለ አይመስልም።

ባለቤትሽን ግን አልፈርድበትም። የእሱ ቁጭት የብዙዎቻችን ቁጭት ነው። ልጆቻችን ስለ አፍሪካ አንድ ሳምንት ተምረው ያልፋሉ፤ ያቺም ሳምንት ፒራሚድና አንበሳ ናት። ቢሆንም ጃፓን የኢትዮጵያውያን ጉዳይ ከሆነች ቆይታለች። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥታችን ሲረቀቅ ዋናው አብነት የጃፓን የ1889 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥት ነበር። አርቃቂው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በዓመቱ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በንጉሠ ነገሥቱ ተልከው ጃፓን ሄዱ፤ ሲመለሱም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። የዚያ ዘመን ምሁራን ጃፓን በአውሮፓ ሳትገዛ እንዴት እንደሠለጠነች ለማወቅ ይጓጉ ነበር። ብዙም አልቆየ። በ1936 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ያቺው ጃፓን የጣሊያንን ወረራ ተቀብላ አዲስ አበባ የነበረውን ሌጋሲዮኗን ወደ ቆንስላ ለወጠች። ጣሊያንም በበኩሏ ጃፓን በማንቹሪያ ላቆመችው መንግሥት ዕውቅና ሰጠች። ከዚያ ደግሞ 1964 መጣ፤ ቶኪዮ፣ አበበ ቢቂላ። እዚያ ላይ ባለቤትሽን አስረጂ አያስፈልገውም።

ሁለት አገር እርስ በርስ ሲተያይ፣ ሲደናነቅ፣ ከዚያም ሲከዳዳ። ይህን ለሰባተኛ ክፍል ማስተማር የምትችል መምህርት ሜሪላንድ ውስጥ ስንት ትኖራለች? ዛሬ ማታ ቡና ላይ ይህን ንገሪው። ካልተዋጠለት ደግሞ ሁለት ሳምንት ነው፤ ልጆቹን ይዞ ይቆያል።

አሁን ወደ ጉዞው። ሳትነሺ ማን እንደሚከፍልልሽ እወቂ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በፈረንጆቹ ናቸው።) የአሜሪካ መምህራንን ጃፓን ወስዶ ማስጎብኘት የቆየ ሥራ ነው። የጃፓን የንግድ ማኅበረሰብ የሚደግፈው ኬይዛይ ኮሆ ሴንተር በ1980 ጀመረ። የጃፓን መንግሥት ፉልብራይት የሚባለውን የአሜሪካ የትምህርት ልውውጥ ፕሮግራም 50ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ ያቋቋመው የመታሰቢያ ፈንድ ከ1997 ጀምሮ ለዓመታት መምህራንን ለሦስት ሳምንት ሲያስጎበኝ ቆይቶ ቆመ። በየዩኒቨርሲቲው ለመምህራን የእስያ ኮርስ የሚሰጠው ብሔራዊ ጥምረት ደግሞ ከ1998 ወዲህ በፍሪማን ፋውንዴሽን ድጋፍ የሚሠራ ነው። እንዲህ ያለ ገንዘብ የሚመጣው ጃፓን እንድትታወቅና እንድትወደድ ከሚፈልጉ ሰዎች ነው። ነውር የለውም። ብቻ የሚያሳዩሽ ምርጡን መሆኑን አትርሺ። ሱፐርቪዥን ሲመጣ የእኛ ትምህርት ቤት ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ፤ ግቢው ይጠረጋል፣ ሰሌዳው ይቀባል፣ ጎበዞቹ ከፊት ይቀመጣሉ። የጃፓን ትምህርት ቤትም እንግዳ ሲመጣበት ያው ትምህርት ቤት ነው።

ስለዚህ ሁለት ቁጥር ይዘሽ ሂጂ። ኦኢሲዲ የሚባለው የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ድርጅት በ2018 ያደረገው የመምህራን ጥናት እንደሚያሳየው የጃፓን መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ መምህራን በሳምንት 56 ሰዓት ይሠራሉ። ከተጠኑት አገሮች ሁሉ ከፍተኛው ነው፤ አማካዩ 38 ገደማ ነበር። ሁለተኛው፣ በ2023 የትምህርት ዘመን ከ346,000 በላይ የአንደኛና የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ልጆች 30 ቀንና ከዚያ በላይ ከትምህርት ቤት ቀርተዋል። በሕመም ወይም በገንዘብ እጦት የቀሩት እዚህ ውስጥ አልተቆጠሩም። ይህን ይዘሽ አስጎብኚሽን አታፋጪው። ግን ከአንዱ መምህር ጋር ሻይ ላይ ስትቀመጪ «ማታ ስንት ሰዓት ቤትህ ትገባለህ?» በይው። የሚመልስልሽ በብሮሹሩ ላይ የለም።

የፎቶውን ፍርሃትሽን ወድጄዋለሁ። በሁለት ሳምንት የጃፓንን ባህል ሁሉ ልልቀም ያለ ሰው ኪሞኖ ለብሶ የተነሣውን ፎቶና በሻይ ሥነ ሥርዓት ላይ የደነዘዘ ጉልበት ይዞ ነው የሚመለሰው። አንድ ጥያቄ ብቻ ያዢ። ጠባብ ይሁን። ከጠዋት እስከ ማታ የምታዪውን ሁሉ በእሱ አጣሪ። እኔ ብሆን የምይዘው ይህን ነው፤ መምህሩ በማያስተምርበት ሰዓት ከልጆቹ ጋር ምን ያደርጋል?

ለምን ይህን እንደመረጥኩ ልንገርሽ። የጃፓን ልጆች ክፍላቸውን ሲያጸዱ የሚያሳየው ቪዲዮ በቴሌግራም ያልተላከለት ሐበሻ የለም። ሥሩ ላይ ሁሌም «እኛ ግን…» የሚል አስተያየት አለ። እኔን ይገርመኛል። እኛ ክፍል አልጠረግንም እንዴ? ተራ ወጥቶ፣ ውኃ በጀሪካን ተቀድቶ፣ አቧራው እንዳይነሣ ተረጭቶ የጠረግነው እኮ እኛው ነን። ያረፈደ ደግሞ በቅጣት ብቻውን ይጠርግ ነበር። እነሱ ዘንድ ጽዳት በቀኑ ፕሮግራም ውስጥ የራሱ ሰዓት አለው፤ አሥራ አምስት፣ ሃያ ደቂቃ። መምህሩም ጨርቅ ይዞ አብሮ ይወለውላል። «ቶክካትሱ» ከሚሉት በሥርዓተ ትምህርታቸው ከተጻፈ ክፍል ጋር የተያያዘ ነው፤ የክፍል ስብሰባው፣ ተረኝነቱ፣ የትምህርት ቤት ጉዞው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ግብፅ ይህንኑ ወስዳ በ2018 የግብፅና ጃፓን ትምህርት ቤቶችን ከፍታበታለች። አሜሪካዊት የሥራ ባልደረባሽ ልጅ ሲጠርግ አይታ ትደነቃለች። አንቺ ያን ስላደግሽበት አልፈሽው መምህሩ የያዘው ጨርቅ ላይ ታፈጫለሽ። ዕቅድሽን ከዚያ ጀምሪ።

ምሳ ሰዓትም ክፍል ውስጥ ቆዪ። ርእሰ መምህሩ ቢሯቸው ሊጋብዙሽ ይችላሉ፤ በትሕትና «ከልጆቹ ጋር ብበላ ደስ ይለኛል» በይ። አራተኛው ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ ጠረጴዛዎቹ ፊት ለፊት ይገጠማሉ። ተረኞቹ ነጭ ጋውንና ነጭ ቆብ ያጠልቃሉ፣ ማስክ ያደርጋሉ። ድስቱን፣ ሩዙን፣ የወተቱን ሣጥን ራሳቸው ያመጣሉ። የስምንት ዓመት ልጅ ጭልፋ ይዞ ሾርባ ሲያወጣ ታያለሽ፤ ለመጨረሻው ሰው እንዳያንስ ድስቱን ሰረቅ እያደረገ እያየ ነው የሚቀዳው። ማንም አይጀምርም። ለሁሉም ከተዳረሰ በኋላ ተረኛው ፊት ቆሞ «ኢታዳኪማስ» ሲል ክፍሉ ተቀብሎት መብላት ይጀመራል። መምህሩም ያንኑ ምግብ እዚያው ይበላል። ሲያበቃ የወተቱ ካርቶን ተጨፍልቆ ይሰበሰባል፤ ትሪው ወደመጣበት ይመለሳል።

ስትወጪ የወሩን የምግብ ዝርዝር ለምኛቸው። ለወላጅ የሚላክ ወረቀት ነው። የየቀኑ ምግብ፣ የተሠራበት ነገር፣ ካሎሪው ሳይቀር ተጽፎበታል። ለሰባተኛ ክፍል ይህ ወረቀት ከአሥር ኪሞኖ ይበልጣል። የራሳቸውን ካፍቴሪያ ዝርዝር ከጎኑ አስቀምጪና ልጆቹን ዝም ብለሽ ስሚያቸው። ታሪክ ማስገባት ከፈለግሽም አለልሽ። ይህ ምሳ የተስፋፋው ከጦርነቱ በኋላ በረሃቡ ዘመን ነው፤ ከአሜሪካ የመጣ የዱቄት ወተት ለልጆቹ ይታደል ነበር፤ የትምህርት ቤት ምሳ ሕጉ በ1954 ወጣ። ተማሪዎችሽ የአገራቸውን እጅ የጃፓን ልጆች ትሪ ላይ ያገኙታል።

ቀኑ ደግሞ ቀንቶሻል። የጃፓን ትምህርት ዘመን ኤፕሪል ጀምሮ ማርች ያልቃል። የዕረፍት ጊዜያቸው የሚገባው በጁላይ ሦስተኛው ሳምንት ግድም ነው። ኦገስት የሚሄዱት ቡድኖች ባዶ ክፍል አይተው ነው የሚመለሱት። አንቺ ልጆቹን ታገኛቸዋለሽ። ዝናብ ግን አለ። እንደ እኛ ክረምት ብርድ የለውም፤ ወበቅ ነው፣ ልብስ ሰውነት ላይ ይጣበቃል።

የእናትሽ ጭንቀት ቀልድ አይደለም። በዚያ ሰሞን የሰኔ ጾም ውስጥ ነሽ፤ እስከ ሐምሌ 5 አይፈታም። የጃፓን ምግብ ላዩን ሲታይ ጾም ይመስላል፤ ሩዝ፣ ቶፉ፣ አትክልት። ጉዱ ያለው መረቁ ውስጥ ነው። «ዳሺ» የሚሉት መረቅ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ደርቆ በስሱ ከተላገ ዓሣ ነው። ሚሶ ሾርባው ውስጥ አለ፣ ኑድሉ ውስጥ አለ፣ የተቀቀለው አትክልት ሳይቀር በእሱ ነው የሚበስለው። «ሥጋ አልበላም» ብትዪያቸው ሥጋውን አውጥተው መረቁን ያቀርቡልሻል፤ ተንኮል የለበትም፣ ማጣፈጫ አድርገው ነው የሚያዩት። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍትም። ከንስሐ አባትሽ ጋር ጨርሺው፤ መንገደኛ መሆንሽንም ንገሪያቸው።

አልበላም ካልሽ በጃፓንኛ የተጻፈ ካርድ አሠሪ። ሥጋ፣ ዓሣ፣ የዓሣ ዳሺ፣ እንቁላል፣ ወተት የሚሉት ቃላት አንድ በአንድ ይጻፉበት። «ቬጀቴሪያን» የሚል ቃል ብቻውን አያድንሽም። አስተባባሪሽም ከአሁኑ ይወቀው፤ የትምህርት ቤቱ ምሳ ከወተት ጋር ስለሚመጣ የዚያን ቀን የራስሽን ይዘሽ ግቢ። በአለርጂ ምክንያት ከቤት የሚያመጡ ልጆች ስላሉ አይገርማቸውም። ፕሮግራማችሁ የቡድሂስት ቤተ መቅደስ አዳር ካለው ግን ዕድለኛ ነሽ። መነኮሳቱ «ሾጂን ርዮሪ» የሚሉት ምግብ ሥጋም ዓሣም አያውቅም። መረቁን ከባሕር አረምና ከደረቀ እንጉዳይ ያወጡታል። በልማዱ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይገባበትም። ሽንኩርት የሌለው የጾም ምግብ! ይህን ለእናትሽ ባትነግሪያት ይሻላል።

ሻንጣ ላይ አላስረዝምም። ጫማሽ ቶሎ የሚወልቅ ይሁን፤ ትምህርት ቤት በር ላይ፣ ሰው ቤት፣ ቤተ መቅደስ፣ ሁሉም ጋ ታወልቂያለሽ። ማሰሪያሽን እስክትፈቺ ሃያ ሰው ይጠብቅሻል። ካልሲሽንም እዪው። መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ አስቀድመሽ አጣሪ፤ አሜሪካ ውስጥ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጡ አንዳንድ የትኩረት መድኃኒቶች፣ አደራል አንዱ ነው፣ ጃፓን ፈጽሞ አይገቡም። ሥጋ ነክ ነገርም እንደዚያው፤ ቋንጣ ለሌላ ሰው እንኳ ይዘሽ እንዳትሄጂ። ፓስፖርትሽ የአሜሪካ ከሆነ እስከ 90 ቀን ለጉብኝት ቪዛ አያስፈልግሽም። ግሪን ካርድ ይዘሽ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዢ ከሆነ ግን ያስፈልግሻል። ለቡድኑ የተላከው መመሪያ የአሜሪካ ፓስፖርት ላላቸው ብቻ ተጽፎ ሊሆን ስለሚችል ይህን ነገ ጠዋት አጣሪ።

ስጦታ ሳትይዢ እንዳትሄጂ። ውድ ነገር አይሁን። የጃፓን መምህራን ሁሉ በአንድ ትልቅ ክፍል ጠረጴዛ ገጥመው ነው የሚቀመጡት፤ ስለዚህ ለሁሉም የሚዳረስ ነገር ይመረጣል። የተቆላ ቡና በትንንሽ ከረጢት ያዢ። የኢትዮጵያን ቡና «ሞካ» ብለው ያውቁታል፣ ከምንጩ የመጣ ሰው ሲሰጣቸው ደግሞ ወሬው ራሱ ይከፈታል። በሁለት እጅ መስጠትን ማንም አያስተምርሽም። የልጆችን ፎቶ ግን ሳታስፈቅጂ አታንሺ፤ በዚህ ላይ ቀልድ አያውቁም።

ሂሮሺማ በፕሮግራማችሁ ውስጥ ካለ አንድ ነገር ልለምንሽ። ቡድኑ ሙዚየሙን አይቶ፣ የወረቀት ወፎቹን ፎቶ አንሥቶ ወደ አውቶቡሱ ይሄዳል። በአቶሚክ ቦምቡ ጨረር ታማ የወረቀት ወፍ እያጠፈች የሞተችውን ልጅ፣ የሳዳኮ ሳሳኪን ታሪክ ተማሪዎችሽ ምናልባት ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ያውቁታል። አንቺ ከሰላም ፓርኩ ወንዙን ተሻገሪና ሆንካዋ የሚባለውን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እዪ። ከፍንዳታው ማዕከል ግማሽ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ኦገስት 6 ቀን 1945 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ15 ላይ ቦምቡ ሲፈነዳ እዚያ ከነበሩት የተረፉት አንዲት ተማሪና አንዲት መምህርት ናቸው። የሕንፃው ቁራጭ ሙዚየም ሆኖ ቆሟል፤ ዛሬም ልጆች የሚማሩበት ግቢ ውስጥ ነው። መምህር ሆኖ እዚያ ቆሞ የሚሰማውን እኔ በወረቀት ልነግርሽ አልችልም።

ፓርኩ ውስጥ ደግሞ ለኮሪያውያን ተጎጂዎች የቆመውን ሐውልት ፈልጊ። በ1970 ሲሠራ ከፓርኩ ውጪ ነበር፤ ወደ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ለምን ውጪ ቆየ ብለሽ ጠይቂ። ኮሪያውያኑ ሂሮሺማ ምን ይሠሩ እንደነበርም ጠይቂ፤ ብዙዎቹ አገራቸው በጃፓን ቅኝ ተገዝታ ለጉልበት ሥራ የመጡ ነበሩ። ክፍልሽ ውስጥ ቅድመ አያቱ ፓሲፊክ ላይ የተዋጋ ልጅ ይኖራል፣ ወላጆቹ ከኮሪያ የመጡም ይኖራል። ያን ቀን ቦምቡ መጣል ነበረበት አልነበረበትም ብሎ ማፋጨት ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልወደውም፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የእግር ኳስ ቡድን እንደሚመርጥ ወገን ይመርጥና ያበቃል። ሐውልቱ ለምን እንደተንቀሳቀሰ እንዲፈልጉ ብታዣቸው ብዙ ርቀት ይሄዳሉ።

የትምህርት ዕቅዱን ስትመለሺ እጽፈዋለሁ እንዳትዪ። ስትመለሺ የቤት ሥራ፣ የልጆች ነገር፣ የሰዓት ልዩነት ድካም ይጠብቅሻል። በየማታው ከመተኛትሽ በፊት ግማሽ ገጽ ጻፊ፣ ያቺን አንድ ጥያቄሽን የነካውን ብቻ። ዕቅድሽን ደግሞ «የጃፓን ልጆች እንዴት ጨዋ ናቸው፣ እናንተስ?» ወደሚል ተግሣጽ እንዳትለውጪው። በእኛ ላይ በበቂ ደርሶብናል።

በመጨረሻ ወንድምሽ። የሁለት ሳምንቱ ዓይነት ጉብኝት በአብዛኛው አሜሪካ ለሚያስተምሩ ነው። ለእሱ የሚሻል ሌላ በር አለ። የጃፓን ትምህርት ሚኒስቴር፣ ሜክስት የሚሉት፣ በሥራ ላይ ላሉ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ መምህራን የሥልጠና ስኮላርሺፕ ይሰጣል። እስከ አንድ ዓመት ተኩል የሚቆይ ነው። መጀመሪያ ስድስት ወር ጃፓንኛ ይማራል፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በሙያው ይሠለጥናል። ቲኬቱ ይከፈላል፣ በወር ወደ 143,000 የን የኪስ ገንዘብ አለው። ዲግሪ አያስገኝም፤ ይህን አስቀድሞ ይወቀው፣ ማስተርስ መስሏቸው የሚበሳጩ አሉ። አምስት ዓመት ያስተማረ መሆን አለበት። ማመልከቻው የሚያልፈው በየአገሩ ባለው የጃፓን ኤምባሲ በኩል ስለሆነ አዲስ አበባ ያለውን ኤምባሲ ይጠይቅ፣ ማስታወቂያቸውንም ይከታተል። የሒሳብ ወይም የሳይንስ መምህር ከሆነ ደግሞ ጃይካ የሚባለው የጃፓን መንግሥት የልማት ትብብር ድርጅት በኢትዮጵያ በእነዚህ ትምህርቶች ላይ ለዓመታት ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ሠርቷል፤ በወረዳው ሥልጠናውን የወሰደ መምህር ካለ ፈልጎ ያነጋግረው።

የሜክስቱ የዕድሜ ገደብ ግን 35 ነው፤ ሥልጠናው በሚጀመርበት ዓመት ኤፕሪል 1 ላይ 35 የሞላውን አይቀበሉም። ታናሽሽ ስንት ዓመቱ እንደሆነ አልጻፍሽልኝም። 33ን ካለፈ ዛሬውኑ ደውይለት።